ባለቤቷ ማን ነው?

ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. መባቻ ሳይፈርስ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጥሬ ሥጋ የምንበላበት አንድ ሥጋ ቤት ነበረን። ቆራጩ ቢላዋውን በሞረድ ሲስል ያናግረዋል። ስለቱ ሲያምርለት «ነይ እስቲ፣ የኔ ቆንጆ» ይላል፤ ጅማት ላይ ሲንሸራተትበት «ምን ሆነሃል አንተ ዱልዱም!» ያንኑ ቢላዋ፣ አንድ ኪሎ ሥጋ ተቆርጦ ሳያልቅ። ሳቅን እንጂ ማናችንንም ግር አላለንም።

ግር ያለኝ ኋላ፣ የእንግሊዝኛ ምናባዊ ልብ ወለዶች ሳነብ ነው። እዚያ የሚያስብ፣ የሚናገር፣ አንዳንዴም የሚቀና ሰይፍ አለ፤ አንዱ ወንድ ነው፣ ሌላዋ ሴት። «ብረት ምን ጾታ አለው?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ጥያቄው ግን የቋንቋው ነው። እንግሊዝኛ ግዑዙን ሁሉ የሚከትበት ወንድም ሴትም ያልሆነ ተውላጠ ስም ስላለው፣ ደራሲው ሰይፉን ከዚያ ሲያወጣው ነፍስ እንደዘራበት ይቆጠራል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ማቆያ የለም። ድንጋዩ ወደቀ፣ ፀሐይ ወጣች። ጾታ ከነፍስ ቀድሞ ይመጣል። ፈረንሳይኛም ከዚህ አይርቅም፤ ሰይፍ በቋንቋው አንስታይ በመሆኑ ሮላን የተባለው ጀግና በጥንቱ የፈረንሳይ የጀግንነት ግጥም ሊሞት ሲል ሰይፉን ዱራንዳልን እንደ ሴት ያናግራታል።

የአማርኛው ጾታ ግን አይረጋም። ቢላዋ በተለምዶ «ይሄ» ነው፤ ስንወደው «ይቺ» ይሆናል። ስንንቀውም «ይቺ»! «በዚች ነው በሬ የምትጥለው?» ያለ ሰው እያቆላመጠ አይደለም። ፍቅርና ንቀት አንድ ቀሚስ ተዋውሰው ይለብሳሉ፤ ይህ ነገር ቢላዋውን ሳይሆን እኛን ያሳፍራል። (ሰፈሩ ሲፈርስ ዜናው «ፈረሰ» አለ፤ እኛ «ፈረሰች» ነበር ያልነው።) በእጅ የሚገባው ትንሹ ነገር ሴት ይሆናል፣ ትልቁ ወንድ እንደሆነ ይቀራል። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ስትወጡ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሴባስቶፖል መድፍ ቅጂ ቆሟል። ዋናውን መድፍ አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት አሠርተው፣ በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት መቅደላ ድረስ አስጎትተውታል፤ ሰባት ቶን ገደማ። «ሴባስቶፖሏ» የሚል ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

ጌታው የሚጠራበት የፈረስ ስምም አለን፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። ፈረስ ጌታውን አባት ያደርገዋል። መሣሪያ ግን ባል ነው የሚያደርገው። አማርኛ ምስጢሩን በአንድ ቃል ያወጣዋል፦ ባለቤት። የዕቃ ጌታ ባለቤት ነው፣ የትዳር ጓደኛም ባለቤት ነው፣ በሰዋስው ደግሞ ድርጊቱን የፈጸመው የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ነው። መሣሪያን ሴት የምናደርገው፣ እንደኔ፣ የመጀመሪያውን ሁለተኛ ለማስመሰል ነው፤ የገዛሁትን ያገባሁት ይመስለኛል።

ሰይፉ አፍ ሲያወጣ ሦስተኛው ባለቤት ይመጣል። የሚናገር ሁሉ የራሱ ዐረፍተ ነገር ባለቤት ነው፤ «እኔ» ይላል። «እኔ» ደግሞ ጾታ የለውም። «መጣሁ» ያለው ወንድ ይሁን ሴት ከቃሉ አይለይም። ወንድነቱም ሴትነቱም ያለው በጠሪው አፍ ነው።

እንግሊዛዊው ደራሲ ማይክል ሙርኮክ ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታሪኩን የጻፈለት ገጸ ባሕርይ ኤልሪክ፣ ስቶርምብሪንገር የሚባል ነፍስ የሚጠጣ ጥቁር ሰይፍ ይዞ ይዞራል። ካለሱ አቅም የለውም። በፍጻሜው ያው ሰይፍ ጌታውን ይገድለዋል። ወደ አማርኛ ልመልሰው ብል የምቸገረው እዚያ ገጽ ላይ ነው። እስከዚያ «ጠጣች» ስል ቆይቼ፣ የባሏን ነፍስ ስትወስድ በምን አፌ አቆላምጣታለሁ? ወደ «አንተ» ብመለስም ስድብ ይሆንብኛል። ምናልባት የሚሻለው «እርስዎ» ነው። አክብሮት ጾታን ይውጣል፤ ፍርሃትም እንዲሁ።

ቆራጩን አንድ ቅዳሜ ጠይቄው ነበር። «ቢላዋህ አፍ ብታወጣ ምን ትልህ ነበር?»

ሞረዱን አስቀምጦ እጁን በሽርጡ ጠረገ።

«ደከመኝ» አለ።

የሷን መልስ ይሁን የራሱን አልጠየቅሁትም።