የወጋው እንዳይረሳ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላሉ አበው። ብዙውን ጊዜ የሚነገረው በዳይ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ከተበዳዩ ጋር ሲስቅ ሲጫወት ነው። ተረቱ ሁለቱን ሰዎች ፊት ለፊት ያቆምና እዚያው ይተዋቸዋል። ማን ወደ ማን ይሂድ? ስንት ጊዜ ይመላለስ? የአይሁድ የንስሐ ሥርዓት የሚነሣው ከዚህ ነው። የተወጋው እንዲረሳ ከማዘዙ በፊት የወጋውን አላስረሳ ይለዋል።

ቤተ እስራኤል አስተስርዮ የሚሉት ዮም ኪፑር የዓመቱ ታላቅ ጾም ነው፤ 25 ሰዓት ያህል እህልም ውኃም አይቀመስም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ የተጠናቀረው የአይሁድ የቃል ሕግ መድብል፣ ሚሽና፣ ቁርጥ ያለ ድንበር አበጅቷል፦ ቀኑ የሚያስተሰርየው ሰው በፈጣሪው ላይ የሠራውን ነው። በሰው ላይ የሠራው ግን ተበዳዩ እስኪታረቅ ድረስ በጾምም በጸሎትም አይነሣለትም። ስለዚህ ጾሙ ሲቃረብ ተቀያይመው የከረሙ ሰዎች ይፈላለጋሉ፣ ይደዋወላሉ።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ ሐኪምም የሕግ ሊቅም የነበረው ሙሴ ማይሞኒደስ ዝርዝሩን ጽፎታል። የሰው ገንዘብ የወሰደ ገንዘቡን ቢመልስም ይቅርታ መጠየቁ አይቀርለትም። ተበዳዩ እምቢ ካለ ሦስት ሰዎች ይዞ ይሄዳል፤ ይህንንም እስከ ሦስት ጊዜ ይደጋግማል። ሽማግሌ ልኮ መታረቅን ለሚያውቅ የእኛ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንም። ተበዳዩ ሞቶ ከሆነ ደግሞ በዳዩ አሥር ሰዎች ይዞ መቃብሩ ላይ ይቆምና በደሉን በፊታቸው ይናዘዛል። ንስሐው ሙሉ መሆኑ የሚታወቀው ያው ፈተና ዳግም ሲገጥመውና ማድረግ እየቻለ ሲተወው ነው።

ከሦስተኛው ልመና በኋላም እምቢ ያለ ተበዳይ ጥፋቱ ወደ እሱ ይዞራል መባሉ ግን ይከብዳል። ለጎረቤት ጠብ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ልጁን ለተገደለበት አባት ግን ሦስት ጊዜ ምን ያህል ነው?

መቃብር እንኳ የሌላቸውስ? ሲሞን ቪዘንታል የናዚዎች እስረኛ ሳለ አንድ ሊሞት የተቃረበ የኤስኤስ ወታደር አስጠርቶት፣ አይሁዳውያን ቤት ተዘግቶባቸው በእሳት ሲጨረሱ ተካፋይ እንደነበር ተናዘዘለት፤ ይቅርታም ለመነው። ቪዘንታል አንድ ቃል ሳይናገር ወጣ። በኋላም «የሱፍ አበባ» በተባለው መጽሐፉ ታሪኩን አቅርቦ ሊቃውንትን ጠየቀ። ራቢ አብርሃም ሄሼል ሌላው ለተበደለው ይቅርታ የማድረግ ሥልጣን ማንም የለውም ብለው መለሱ። እዚህ ላይ ተረቱ ተናግቷል፦ የወጋው አልረሳም፤ የተወጉት ግን ለማስታወስም አልተረፉም።

ተረቱን ጨርሶ የሚገለብጠው ሐሜት ነው። የታማው ሰው መታማቱን ላያውቅ ይችላል። ራቢ እስራኤል ሜየር ካጋን እ.ኤ.አ. በ1873 ስለ ክፉ ወሬ ባሳተሙት «ሐፌጽ ሐዪም» የታማው ባያውቅም ጉዳት ከደረሰበት ነግሮ ይቅርታ መጠየቅ ይገባል ብለዋል። ሙሳር የተባለው የአይሁድ የሥነ ምግባር ንቅናቄ መሥራች ራቢ እስራኤል ሳላንተር ግን በዚህ አልተስማሙም ይባላል፤ መንገሩ ራሱ አዲስ ቁስል ይሆናልና። ለተበዳዩ የሚራራው የሳላንተር ሐሳብ ነው። በዝምታው ግን በዳዩ ሸክሙ ሊቀልለት አይገባም፤ ሐሜቱን የሰሙትን አንድ በአንድ ፈልጎ ቃሉን ማጠፍ ይጠበቅበታል።