ዘፈኑ የማን ነው?

ቦኖሻ፣ ከአንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን የመሐሙድ አህመድ «ኧረ መላ መላ» ይንቆረቆራል።

«ዘፈኑ የማን ነው?» አልኩት ወዳጄን።

«የመሐሙድ ነዋ!»

ያጀበው አይቤክስ ባንድስ? ሳክስፎኑና ቤዙ ቢነሱለት ድምፁ ብቻውን ይህን ያህል ይመስጠን ነበር? ዝም አለ።

ኦቲስ ሬዲንግ እ.ኤ.አ. በ1965 ደርሶ የዘፈነው «ሪስፔክት» የአባወራ ልመና ነበር። በ1967 አሬታ ፍራንክሊን እህቶቿን አጃቢ አድርጋ ስትዘፍነው የሴት ልጅ የክብር ጥያቄ ሆነ። ሬዲዮ ባሰማው ቁጥር ግን በአሜሪካ ሕግ የሚከፈለው ለደራሲው እንጂ ለድምፃዊቷ አልነበረም። እዚያ ሕጉ ድምፁን ረሳ፤ እዚህ እኛ ከድምፁ በቀር ሁሉንም ረሳን።

ለእኔ ዘፈን የደቦ እርሻ ነው። ማሳው የድምፃዊው ይሁን፤ አብረው ያረሱትን ስማቸውን አለመጥራት ግን ዕዳን መካድ ነው። ዕዳው የአድማጩም ነው፤ እኔም ስንት ዘመን ካድኩ።