ሻንጣው ከመዘጋቱ በፊት

አገሩን ለዘለቄታው ለቆ የሚሄድ ሰው ከሚወደው ንብረቱ የትኛውን ይያዝ? የትኛውንስ ይተው? ውድ አንባቢ ሆይ፣ ጥያቄው ቀላል ይመስልህ ይሆናል። ለእኔም እንዲሁ መስሎኝ ነበር።

አክስቴ ደብረ ታቦር ተወልደው፣ እዚያው ተድረው፣ ባላቸውንም እዚያው ቀብረው ከሰባ ዓመት በላይ ኖሩ። ልጃቸው ወዳለበት አሜሪካ እንዲሄዱ ሲወሰን የተፈቀደላቸው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱም 23 ኪሎ ነበር። እኔም ዕቃ በመምረጡ ላግዛቸው ከአዲስ አበባ ተነሥቼ ሄድኩ። ምርጫውን በልቤ ጨርሼዋለሁ፤ ጀበናው፣ የባላቸው ጋቢ፣ ፎቶግራፎቹ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአያት የወረደው በእጅ የተጻፈ ቁርኣን።

እሳቸው ግን ሦስት ቀን ሙሉ ወደ ሻንጣው ዞረው አላዩም። የዕድሩን ድስትና ሰሃን አስቆጥረው መለሱ። አንዲት ክርስቲያን ጎረቤታቸው ከመሞታቸው በፊት በአደራ ያስቀመጡትን የብር አምባር ከሣጥን ሥር አውጥተው ለልጃቸው ሰጡ። ለባለ ሱቁ የቀረባቸውን የስኳር ዕዳ ከፈሉ። ትዕግሥቴ አለቀና «አክስቴ፣ ቀኑ እኮ ደረሰ፤ የሚወስዱትን እንምረጥ» አልኳቸው።

«መጀመሪያ የእኔ ያልሆነው ይውጣ፣ ልጄ። ከዚያ የሚተርፈው ለመምረጥም አያስቸግር» አሉኝ።

አፈርኩ። የሒጅራን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በ622 መካን ለቀው ሲወጡ ሊገድሏቸው የተማማሉ ሰዎች ቤታቸውን ከበው ነበር። ነገር ግን የመካ ሰዎች በአደራ ያስቀመጡት ንብረት እሳቸው ዘንድ ነበርና ለየባለቤቱ እንዲመልስ ዐሊይን (ረ.ዐ.) ወደ ኋላ አስቀሩት። ያባረራቸው ሕዝብ ገንዘብ ነው ብለው ይዘውት አልሄዱም። ይህን እያወቅሁ እኔ የምቆጥረው ኪሎ ነበር።

ከሁሉ የከበደው ግን የቁርኣኑ ነገር ሆነ። በ1870 ዓ.ም ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ሲታዘዙ ብዙዎች አገር ጥለው ወደ መተማና ወደ ሱዳን ተሰደዋል። በቤታችን እንደሚነገረው፣ የደሪጣ ነጋዴ የነበሩት ቅድመ አያታችን ያን ጊዜ ሸቀጣቸውን ትተው ይህን ቁርኣን በበቅሎ ጭነው ወጡ፤ ዘመኑ ሲረጋም ይዘውት ተመለሱ። እንግዲህ ይህን ያህል የተደከመበት መጽሐፍ ለእኛ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው? አክስቴ ግን የመጀመሪያውን ገጽ ገልጠው አሳዩኝ። በዐረብኛ የተጻፈው ግልጽ ነበር፤ ወቅፍ ነው፣ ለሚቀሩ ተማሪዎች የተሰጠ። ቅድመ አያታችን አደራ ጠባቂ እንጂ ባለቤት አልነበሩም።

ተከራከርኩ። «መስጊድ ቢገባ ብል ይበላዋል፣ ሌባ ይወስደዋል፤ እኛ ዘንድ ይሻላል» አልኩ። (በ1992 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት እንደሚከለክል አውቃለሁ፤ እኔ ያሰብኩት አዲስ አበባ፣ ከእኔ ቤት እንዲቀመጥ ነበር።)

የራሴን ቃል ምንነት ያወቅሁት በማግስቱ፣ ጋፋትን ለማየት በወጣሁ ጊዜ ነው። አጼ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1860 ዓ.ም ደብረ ታቦርን አቃጥለው ላይመለሱ ሲነሡ የመረጡት ዕቃ እዚያ ያሠሩትን፣ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ነበር። ስድስት ወር ገደማ ሰው እየጎተተው፣ ገደል እየተናደለት መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም እዚያው ተራራ ላይ ቀርቷል። መድፉስ የራሳቸው ነበር። በመቅደላ የተከማቹት ብራናዎች ግን አብዛኞቹ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የተወሰዱ ነበሩ። በሚያዝያ 1860 ንጉሡ ሲሞቱ ደግሞ የእንግሊዝ ጦር ምርኮውን በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ጫነ። ከብራናዎቹ ከ300 በላይ የሚሆኑት ለንደን ገቡ። ይመለሱ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «እኛ ዘንድ በደኅና ተጠብቀዋል» የሚል ነው።

መጠበቃቸው እውነት ነው፤ ብል አልበላቸውም። ነገር ግን በደንብ መጠበቅ ባለቤት ያደርጋልን? ያደርጋል ካልን የጎረቤት አምባር ሣጥኑ ጠንካራ ለሆነ ሰው ይገባው ነበር። እኔ በአክስቴ ፊት ያነሣሁት ክርክር ከዚህ በምን ይለያል? በመጠኑ ካልሆነ በቀር ልዩነት አላገኘሁለትም።

ቁርኣኑን አክስቴ ራሳቸው በነጠላቸው ጠቅልለው ለመስጊዱ አስረከቡ። ከሁለቱ ሻንጣዎች አንዱ አልሞላም፤ በርበሬና ሽሮ ጨመርንበት። የባላቸውን ጋቢ ለበሱት፤ ጀበናውን ቡና አብረዋቸው ይጠጡ ለነበሩት ሴቶች ተዉት።

ከሁለት ዓመት በኋላ መስጊዱ ሄጄ ኢማሙ ቁም ሣጥኑን ከፈቱልኝ። ቁርኣኑ በዚያው ነጠላ እንደተጠቀለለ ነው። ጠርዙን ብል ጀምሮታል። አክስቴ ስልክ ደውለው ሲጠይቁኝ ስለ ብሉ አላነሣሁላቸውም። ግን አናጢ ዘንድ ሄጄ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የዋንዛ ሣጥን አሠራሁና ለኢማሙ ላክሁ።