ቲማቲሙ ቢጠፋ ኪሳራው የማን ነው?

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 ሐምሌና ነሐሴ፣ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ቲማቲም ማሳው ላይ እንዳለ ጠቆረ። በ1840ዎቹ አየርላንድን ለረሃብ የዳረገው ያው የድንች በሽታ ዝናብ የበዛበት ቀዝቃዛ ወቅት ተመችቶት ከእርሻ ወደ እርሻ ተዛመተ። ከሱፐርማርኬት የሚገዛ ሰው ነገሩን ልብ ላይለውም ይችላል፤ ከሩቅ የመጣ ቲማቲም መደርደሪያው ላይ አይጠፋም። የዓመቱን ድርሻ ገና በበረዶው ወራት ለገበሬው የከፈለ ቤተሰብ ግን ሳጥኑን ሲከፍት ጎመንና ቀይ ሥር ነው ያገኘው። በውሉ መሠረት ገንዘቡን መልሱልኝ ማለት አይችልም።

ተበድሏል?

አሜሪካኖች ሲኤስኤ የሚሉት፣ በማኅበረሰብ የሚደገፍ እርሻ፣ የተመሠረተው «አልተበደለም» በሚል መልስ ላይ ነው። ቤተሰቡ ዘር ሳይዘራ ይከፍላል፤ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ በየሳምንቱ ማሳው የሰጠውን በሳጥን ይወስዳል። በ1986 ማሳቹሴትስ ውስጥ ኢንዲያን ላይን፣ ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ቴምፕል-ዊልተን የተባሉ እርሻዎች በዚህ መንገድ ሥራ ጀመሩ። ሐሳቡ ከስዊዘርላንድና ከጀርመን መምጣቱ ብዙ ተጽፏል። አላባማ ውስጥ በቱስኬጊ ያስተምሩ የነበሩት ጥቁር የግብርና ሊቅ ቡከር ዋትሊ፣ ደንበኞች በአባልነት አስቀድመው የሚከፍሉበትን አሠራር ከዚያ በፊት ለአነስተኛ ገበሬዎች ይመክሩ እንደነበር ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ኪሳራው የማን ነው የሚለውን ጥያቄ በጥልቀት ያየው የእስልምና የሕግ ትምህርት፣ ፊቅህ፣ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ መዲና ሲገቡ ሰዎች ለተምር ከዓመት፣ ከሁለት ዓመት በፊት ሲከፍሉ እንዳገኟቸው ይተረካል። አልከለከሏቸውም፤ መስፈሪያው፣ ክብደቱና የመረከቢያው ጊዜ የታወቀ ይሁን አሉ እንጂ። ዛፉ ላይ ያለን ፍሬ ደህንነቱ ሳይታወቅ መሸጥን ግን ከለከሉ፤ ፈጣሪ ፍሬውን ቢከለክል ሻጩ የወንድሙን ገንዘብ በምን ምክንያት ይበላል? በዚህ ሚዛን «ማሳው የሰጠውን» የሚል ሳጥን ሽያጭ ሆኖ አያልፍም።

ሆኖም ያው ፊቅህ ወደ እርሻ ሽርክና ሲሻገር ፍርዱን ይገለብጠዋል። ባለመሬትና አራሽ ምርቱን በእኩል ወይም በሲሶ ለመካፈል ሲዋዋሉ፣ አንደኛው ወገን «የመጣው ቢመጣ አሥር ቁና የእኔ ነው» ቢል ውሉ ይፈርሳል። ማሳው ከአሥር ቁና በላይ ባይሰጥስ? በሽያጭ የማይታወቅ ነገር በደል ነው፤ በሽርክና ደግሞ የአንዱን ድርሻ ብቻ ማስተማመን በደል ነው። ስለዚህ ድርሻ የሚመርጥ ቤተሰብ ከሳጥኑ መጠንና ከመረከቢያው ርቀት በፊት መወሰን ያለበት ገዢ ነው ወይስ ሸሪክ የሚለውን ነው።

ገበያው ይህን ውሳኔ ሸፋፍኖታል። ዛሬ ብዙ እርሻዎች አባላት የሚፈልጉትን አትክልት መምረጥን፣ በየሳምንቱ መክፈልን፣ ሲሰለቹ ማቋረጥን ይፈቅዳሉ። ይህ ነውር የሌለበት ንግድ ነው፤ ኪሳራው ግን ወደ ገበሬው ጫንቃ ተመልሷል። «አባል» የሚለው ስም ብቻ ቀርቷል።

ይሁንና ኪሳራን መካፈል ሁልጊዜ ፍትሕ ነው ማለት የዋህነት ነው። መሬት ላራሹን ያመጣው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ከመውጣቱ በፊት የኢትዮጵያ ጭሰኛና ባለመሬትም ምርት ይካፈሉ ነበር። አዝመራው ሲከዳ ሁለቱም አጡ፤ የሚራበው ግን አንዱ ነበር። በሲኤስኤ ደግሞ ሸክሙ ተገልብጦ፣ ወር ከወር መድረስ ያቃተው ቤተሰብ የአምስት ወር አትክልት በአንዴ ሲከፍል እናስብ። በአሜሪካ የመንግሥት የምግብ ድጎማ ለእንዲህ ያለ ድርሻ ቢውልም፣ ክፍያው ከመረከቢያው ቀን ከ14 ቀን በላይ መቅደም የለበትም። ድሃው በገዛ ገንዘቡ ካልሆነ በቀር ሸሪክ መሆን አይችልም ማለት ነው።

የቴምፕል-ዊልተን ገበሬዎች ለዚህ ያገኙት ዘዴ ከብዙ ስብከት ይበልጣል። ለድርሻ ዋጋ አልቆረጡም። የዓመቱን ወጪ በጠቅላላ ጉባኤ ያቀርባሉ፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ እንደ አቅሙ ቃል ይገባል፤ ድምሩ ካልሞላ እንደገና ይጠየቃል። አትክልቱን ሲወስድ ግን የሚወስደው በሚያስፈልገው ልክ እንጂ በከፈለው ልክ አይደለም። የሐዋርያት ሥራ ስለ መጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች የጋራ ኑሮ የሚተርከውን የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም፤ አዲሱ ሥርዓቱ በሂሳብ መዝገብ መደገፉ ነው። እንዲህ ያለ እርሻ በየአካባቢው አይገኝም። ገበሬውን ግን ባለፈው ክፉ ዓመት ሳጥኑ ውስጥ ምን እንደነበረ፣ ጉድለቱን ከሌላ እርሻ ገዝቶ ይሞላ እንደሆነ፣ እንደ ገቢ የሚለያይ ክፍያ እንዳለው መጠየቅ ይቻላል።

በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ የሚኖር ጾመኛ ቤተሰብ ሌላም ስሌት አለው። የሁዳዴ 55 ቀን አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው ሳጥኑ መምጣት ሳይጀምር ነው። ከነሐሴ 1 ጀምሮ የሚጾመው ፍልሰታ ግን ማሳው ከሞላበት ወቅት ጋር ይገጥማል፤ ያኔ ግማሽ ድርሻ ያንስ ይሆናል። በጥቅምት ደግሞ ያ ሁሉ ጎመንና ጥቅል ጎመን ለሁለት ሰው ይበዛል።

ስለ ሸሪክነት ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ወጥ ቤቱ ነው። ውሉን የሚፈርመው አንድ ሰው፣ ከሥራ መልስ ጭቃ ያልለቀቀውን ጎመን አጥቦ፣ ቀንጥሶና ከትፎ የሚያበስለው ሌላ ሰው ከሆነ፣ ከገበሬው ትከሻ የወረደው ሸክም ተካፈልነው ከሚሉት አንዱ ላይ ብቻ አርፏል። ቴምፕል-ዊልተን ለጉባኤው ያቀረበውን ጥያቄ ባልና ሚስትም ከመፈረማቸው በፊት እርስ በርስ ቢጠያየቁት ያዋጣል፤ ማን ምን ያህል ይችላል? መልሱ «ዘንድሮ አንችልም» ከሆነ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከዚያው ገበሬ ጠረጴዛ አንድ እስር ጎመን ገዝቶ ሂሳቡን መዝጋት ይቻላል።