ተጠምቶ የጠጣው
(አንድምታ፣ ማቴዎስ 25፥35)

ጌታ በዚህ ኃይለ ቃል ተጠምቶ እንደ ጠጣ ይናገራል። ምን ተጠማ ቢሉ ውኃ፤ ምን አጠጡት ቢሉ ውኃ። ይህስ ግልጥ ነው፤ ሐተታ አያሻውም።

አንድም፥ በሰማርያ ጉድጓድ አጠገብ የተጠማውን ይናገራል፤ ውኃ ለምኖ የሴቲቱን ሃይማኖት ሽቷልና።

አንድም፥ በመስቀል ላይ የተጠማውን ይናገራል። በዕለተ ዓርብ ሆምጣጤ ያቀመሱት ጥም እስከ ዕለተ ምጽአት በታናናሾቹ ይኖራል ሲል ነው። ለዚህ አብነት የምትሆነን ሕዝቡ ማዘር ትሬዛ የሚላት ቅድስት ትሬዛ ዘካልካታ ናት። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1946 እ.ኤ.አ. በባቡር ወደ ዳርጂሊንግ ስትሄድ ይህ ጥም ከልቧ ገባ፤ በ1950 ማኅበሯ ተመሠረተ። በማኅበሩ ጸሎት ቤት ሁሉ ከመስቀሉ ጎን ጌታ መጠማቱን የተናገረበት ቃል ተጽፎ ይገኛል። የማኅበሩ እህቶችም ከድህነት፣ ከንጽሕናና ከመታዘዝ ሌላ አራተኛ መሐላ አላቸው፤ ከድሆች ሁሉ የደኸዩትን ያለ ዋጋ ማገልገል። በ1973 እ.ኤ.አ. በረሀቡ ዘመን ወደ አገራችንም መጡ።

አጠጡ ማለትስ እንዴት ነው ቢሉ፥ መዋጥ ላቃተው በሽተኛ ብርጭቆ አይሰጡትም። አንዷ እህት አንገቱን በክንዷ ደግፋ፣ በሻይ ማንኪያ ጫፍ ከንፈሩን ታረጥባለች፤ ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ አይታ ሌላ ትጨምራለች፤ ባገጩ የወረደውን በጨርቅ ትጠርጋለች። በሰፍነግ ለቀረበለት ሆምጣጤ ይህ ማንኪያ ካሳ ነው ብዬ አምናለሁ።

የሚያበሉት ሃይማኖት ሊያስለውጡ ነው የሚል ቢኖር፥ በ1952 በካልካታ ከሂንዱዎቹ የካሊ መቅደስ አጠገብ የተከፈተውን ቤታቸውን ይመልከት። በዚያ የሚሞት ሂንዱ የጋንጀስ ውኃ ይቀምሳል፤ ለሚሞት ሙስሊም ቁርዓን ይነበብለታል። ጌታ የተጠማውን ስጡት አለ እንጂ የማን ምእመን እንደ ሆነ መርምሩ አላለም። እንግዲያ ሃይማኖታቸው ወዴት አለ ቢሉ፥ ሳይነጋ ለጸሎት ይነሣሉ፤ በየቀኑ ቅዳሴ አላቸው፤ ከ1973 ወዲህም በቅዱስ ቁርባን ፊት በየዕለቱ አንድ ሰዓት ይሰግዳሉ። በመሠዊያው ያዩትን በአልጋው ላይ ያውቁታል። ዮሐንስ አፈወርቅም ማቴዎስን ሲተረጉም ክርስቶስን በቤተ መቅደስ ሐር አልብሶ በደጅ በብርድ የሚተወውን ገሥጿል። ይህ ተግሣጽ ለእኛ ነው፤ ከቅዳሴ ወጥተን በደጀ ሰላሙ የተቀመጠውን ተሻግረን ለምናልፈው። ቆርበናል ብለን እጃችንን ብንሰበስብ ምን ቆረብን?

ይህን ያህል አጠጥታ ትሬዛስ ረካች ወይ ቢሉ፥ አልረካችም። በ2007 የታተሙት ደብዳቤዎቿ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት በነፍሷ ጨለማና ድርቀት እንደ ነበረባት ገለጡ። ይህን ሰምተው እምነቷን የተጠራጠሩ አሉ። እኔ ግን በመስቀል ላይ የነበረው ጥም በእርሷም አደረ እላለሁ፤ ሳትረካ ማጠጣቷን አልተወችምና። በ2016 ቅድስት ተብላለች፤ ጸሎቷ አይለየን።

አንድም፥ በቤት ያለውን ጥም ይናገራል፤ አልጋ የያዙ አማት በሌሊት ውኃ ብለው ሲጣሩ ተነሥቶ የሚያቀርብ ከዚህ ይቆጠራል።

አንድም፥ የምሕረት ሥራ ሁሉ በዚህ ተጠቅልሏል። ስድስቱን ከማቴዎስ አግኝተን፣ ሙታንን መቅበርን ከጦቢት ጨምረን ሰባት እንላለን፤ ሰባተኛውን የእድር ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

አንድም፥ ትምህርት የተጠማውን ይናገራል።

አንድም፥ የእስረኛውን ጥም ይናገራል፤ ጎጃሜው መነኩሴ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በ1855 እ.ኤ.አ. ስለ እምነቱ በሰንሰለት እንደ ታሰረ አርፏልና።