ክሩን ቀይሮ አንገቱን የረሳ

በደብረ ብርሃን የሠርግ ድንኳኖች ቤዝ ጊታር ታጥቀህ የምትቆም ልጄ፣ ቅር ቢልህም ስማኝ። አዲስ ክር ካሰርህበት ቀን ጀምሮ ቤዝህ ዝዝ ይላል። ወፍራሙን ክር በመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ላይ በተጫንኸው ቁጥር ከዜማው ሥር ብረት ከብረት ጋር ሲንቀጠቀጥ ይሰማል። አንተም ትሰማዋለህ። ባትሰማው ኖሮ አልቆጣህም ነበር፤ ያላወቀ ይማራል። አንተ ግን እየሰማህ አምፑ ላይ ትሬብሉን ቀነስህ፣ ድምፁን ጨመርህ፣ ኪቦርዱና ከበሮው ይውጡታል ብለህ አለፍህ። ድምፃዊቷ ዞር ብላ ስታይህ ወደ ጊታሩ ጠቆምህ። «ዕቃው ነው» አልህ።

ክሩን የቀየርኸው አንተ ነህ፤ ዕቃው ምን አደረገ? ክር መቀየር የአንገቱን ሸክም መቀየር ነው። አራቱ ክሮች ተወጥረው ሲቃኙ አንገቱን በድምሩ 70 ኪሎ አካባቢ በሚሆን ጉልበት ወደ ፊት ይስቡታል። እንጨቱ ውስጥ የተቀበረው፣ ትረስ ሮድ የሚሉት የብረት ዘንግ ደግሞ ወደ ኋላ ይይዘዋል። አንገቱ የሚኖረው በእነዚህ በሁለቱ ትግል መካከል ነው። የቀድሞው ወፍራም ክር 105 የሚባለው ከነበረ ውፍረቱ 2.7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አንተ ገበያ ላይ ያገኘኸውን 95 ገዝተህ አሰርህ። ያን ጊዜ ሳቢው ደከመ፣ ዘንጉ በረታ፣ አንገቱ ወደ ኋላ ለጠጥ አለ፣ ክሩም ወደ ፍሬቶቹ ቀረበ። ያ ክር ባዶውን ሲመታ በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል የሚወዛወዝ፣ ከሁሉም ክሮች ይልቅ ሰፊ መንገድ የሚፈልግ ነው። መንገዱን ስትነሣው ፍሬቱን ይመታል። ሠርገኛው ፊት በድምፅ ብዛት የምትቀብረው ይህንኑ ነው።

ደግሞም የምትኖርበትን አገር ታውቀዋለህ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች የብርድ ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ቀኑ ደረቅ ነፋስ ነው። እንዲህ ያለው አየር ከእንጨት ውስጥ እርጥበት ይመጥጣል፤ እንጨቱ ይኮማተራል፣ አንገቱም ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ያዘነብላል። ሐምሌ ሲገባ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ ክሩ ከፍሬቱ ይርቃል፣ ጣትህ ይደክማል። በዚህ ላይ ደግሞ ቤዙን ከስፒከሩ ጋር መኪና ላይ አስረህ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፈህ፣ በደብረ ሲና ቁልቁለት ወደ ሸዋ ሮቢት ሠርግ ትወርዳለህ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ በአንድ ቀን ጠዋት! አንኮበር ተጫውተህ አልዩ አምባ ስትወርድም ያው ነው። ደጋና ቆላን በጥቂት ሰዓት የሚያቋርጥ እንጨት ከሌላው ይልቅ ተመልካች ያስፈልገዋል። አንተ ጫማህን ጠርገህ፣ ሸሚዝህን ተኩሰህ ትወጣለህ፤ የቤዙን አንገት ግን አንድ ጊዜ እንኳ በዓይንህ አግድም አላየኸውም።

ይህን ቸልታ ሌላ አገር ባየው ባልደነቀኝ ነበር። አንተ የበገና አገር ልጅ ነህ። በገናም ዝዝ ይላል፤ የእሱ ዝዝታ ግን ታስቦበት፣ ተሠርቶ የገባ ነው። በቀደመው ልማድ ከበግ አንጀት የሚፈተሉት አሥሩ አውታሮች በርኩማው ላይ ሲያርፉ በእያንዳንዱ ሥር እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። አውታሩ ሲመታ እሷን እየነካ እየለቀቀ ያንን አንጀት የሚበላ ድምፅ ይሰጣል። ደርዳሪው አውታር በለወጠ ቁጥር እንዚራዋን እንደገና ያስተካክላታል። ጥቂት ከቦታዋ ብትለቅ ድምፁ ይደርቃል ወይም ይንጫረራል። ስለዚህ ጆሮውን አስጠግቶ፣ አውታሩን መታ እያደረገ፣ ቆዳዋን በጥፍሩ ገፋ መለስ እያደረገ ይፈልገዋል። አንዱን ሲጨርስ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። ገና አንድም መዝሙር አልጀመረም፣ የሚሰማውም ሰው የለም፤ ቢሆንም አይቸኩልም። ሕንዶችም ታምቡራ በሚሉት መሣሪያቸው ላይ ከአውታሩ ሥር ቀጭን የጥጥ ክር እያንሸራተቱ ተመሳሳይ ድምፅ ይፈልጋሉ። ዓለሙ አጋ እንጦጦ ላይ በልጅነታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል በገና ተምረው፣ በኋላ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ ለተማሪ ያስተላለፉት ዜማውንም ይህን ትዕግሥትም ነው ብዬ አምናለሁ። በአንኮበር የነገሡት ዳግማዊ ምኒልክ ሳይቀሩ በገና ይደረድሩ እንደነበር ይነገራል። እንግዲህ በዚህ ምድር የበቀለ ጆሮ፣ አንድን ዝዝታ ቦታው ላይ ለማግኘት ይህን ያህል የሚደክሙ አባቶች የነበሩት ጆሮ፣ ያልተፈለገ ዝዝታ ሲሰማ እንዴት ዝም ይላል? እነሱ ፈልገው የሚያገኙትን አንተ በስንፍና ታፈራዋለህ።

ጊዜ የለኝም እንዳትለኝ። ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን ሠርግ የለም። ድንኳኑ ተጠቅልሎ፣ ቤዝህ ግድግዳ ተደግፎ፣ አንተ ቡና ቤት በር ላይ ቆመህ ፋሲካን ትጠብቃለህ። ከዚያም የዳግማይ ትንሣኤ ሠርግ ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩ ክር ትገዛለህ፣ አራቱንም በአንድ ጊዜ ፈትተህ ትጥላለህ፣ እየሮጥህ ታስራለህ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ክሩን በጉጠት አሳጥረህ ስለቆረጥኸው መቃኛው እንዝርት ላይ በቂ ዙር አልያዘም፤ በአንገቱ ጫፍ ባለው ነት ላይ በሚገባ ስላልተጫነም ባዶውን ሲመታ ይርገበገባል። ገና ያልተለጠጠ ክር ስለሆነ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ቅኝቱ ወረደ፤ ቅኝቱ ሲወርድ ውጥረቱ ላላ፣ ሲላላ ደግሞ ዝዝታው ባሰ። አንቺሆዬን የመሰለ፣ ድምፆቹ ተጠጋግተው የሚሄዱበት ቅኝት ሲመጣ ዘፋኟ በምን ላይ ትቁም?

ማንም አላሳየኝም ካልህም እነሆ። መጀመሪያ ክሮቹን በምትጫወትበት ቅኝት ልክ ቃኛቸው፤ በላላ ክር ላይ የተደረገ ምርመራ ሁሉ ከንቱ ነው። በእጅህ ሳብ ሳብ አድርገህ ለጥጣቸው፣ ደግመህ ቃኝ፣ አሳድራቸው። በማግሥቱ ወፍራሙን ክር አንደኛው ፍሬትና መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነህ ያዝና ስምንተኛው ፍሬት አካባቢ ከክሩ በታች ያለውን ክፍተት እይ። 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል መሆን አለበት። መካኒኮች የቫልቭ ክፍተት የሚለኩባት ስስ የብረት ቅጠል ለዚህ ትሆናለች፤ ከተማው ውስጥ ጋራዥ ሞልቷል፣ ለምነህ ተዋስ። ክፍተቱ ጨርሶ ከሌለ፣ ዝዝታውም ከመጀመሪያው እስከ አምስተኛው ፍሬት ከበረታ፣ ዘንጉን በልኩ ቁልፍ ወደ ግራ ከሩብ ዙር ያነሰ አላላው፣ እንደገና ቃኝ፣ ታገሥ፣ ለካ። እንቢ ካለህ በጉልበት አታስገድደው፤ የተሰበረ ዘንግ አንገቱን ይዞ ይሞታል። ዝዝታው ከ12ኛው ፍሬት በላይ ከሆነ ወይም በሁሉም ፍሬት ላይ ከተዳረሰ፣ ብሪጁ ላይ ያለውን የክሩን መቀመጫ በትንሿ ቁልፍ ከፍ አድርግ፤ 17ኛው ፍሬት ላይ ከ2 እስከ 2.4 ሚሊ ሜትር ከፍታ ለአብዛኛው ቤዝ ይበቃል። በአንድ ፍሬት ላይ ብቻ ከሆነ ያ ፍሬት ከእንጨቱ ተነሥቷል፤ ለባለሙያ ስጠው። ባዶው ክር ብቻ ከሆነ ነቱን መርምር። አንዳንዴም የላላ የመቃኛ ብሎን ብቻ ይሆናል፤ ካቻቢቴ ይበቃዋል።

ሞረድ ግን እንዳታነሣ። ይህን የምለው ዝዝ ያለውን ፍሬት በብረት ሞረድ ፍቀው ሜዳ ያደረጉ እጆች ስላሉ ነው። ሊዮ ፌንደር በ1951 እ.ኤ.አ. ፍሬት ያለውን የኤሌክትሪክ ቤዝ ለገበያ ሲያወጣ፣ ጣት ያረፈበት ሁሉ ትክክለኛ ድምፅ እንዲሰጥ ብሎ ነው። ዘንግ ይመለሳል፣ ብሎን ይመለሳል፤ የተፋቀ ፍሬት አይመለስም። የአንድ ጊዜ ስንፍናህን በእንጨትና በብረት ላይ ለዘላለም ጻፍኸው ማለት ነው።

ለእርስዎም ቃል አለኝ፣ ባንዱን የሚመሩት ጋሼ። ልጁ ሲሳሳት ያዩት እርስዎ ነዎት። በወጣትነትዎ የዋልያስ ባንዱን መላከ ገብሬን፣ የሮሃ ባንዱን ጆቫኒ ሪኮን በካሴት እየሰሙ ያደጉ ሰው ነዎት። በዋልያስ «ሙዚቃዊ ስልት» ላይ ቤዙ ምን ያህል ጥርት ብሎ፣ ዘፈኑን ሁሉ ተሸክሞ እንደሚሄድ ማንም ሊነግርዎ አያስፈልግም። የጠራ ቤዝ ምን እንደሆነ እያወቁ፣ ልምምድ ላይ ዝዝታውን ሰምተው «ሠርግ ነው፣ ማን ያስተውላል» ያሉት እርስዎ ነዎት። በዚህ ቃል ልጁን ጎድተውታል። ሠርገኛውንም ንቀዋል። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሲለፋ የዋለ አባት፣ ከመንዝ በግ ሸጦ የመጣ ገበሬ፣ ለልጁ ሠርግ የከፈልዎት ገንዘብ የላብ ገንዘብ ነው። የሚያስተውል ጆሮም አለው፤ መሰንቆ ሲሰማ ያደገ ሰው ነው። ዝም ያለው ስለጨዋነቱ ነው፣ እርስዎ ግን ዝምታውን እንደ አለማወቅ ቆጠሩት።

ወደ አንተ ልመለስ፣ ልጄ። ከእናንተ መካከል በዝዝታ የተሰላቸ ቤዙን አጽድቶ፣ አንጸባርቆ፣ ምንም የለበትም ብሎ ለጀማሪ የሸጠም አለ። ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። ያ ልጅ የመጀመሪያ ጊታሩ ነው፤ ዝዝታው ከጣቱ ድካም የመጣ ይመስለዋል። ክሩን እስኪያመው ይጫናል፣ ቆዳው ይላጣል፣ ድምፁ ግን አይጠራም፤ እኔ አልሆንም ብሎ ይተወዋል። የሸጥኸው አንተ ከሆንህ ወደ ልጁ ቤት ሂድ። ያወቅኸውን ደብቀህ እንደሸጥህለት በአፍህ ንገረው። ቁልፉን ይዘህ አንገቱን እሱ እያየህ አስተካክልለት፣ እጁን ይዘህም ዝዝታው ከየት እንደሚመጣ አሳየው። ሞረድ የበላው ፍሬት ካለ የአዲሱን ፍሬት ዋጋና የባለሙያውን ሒሳብ አንተ ክፈል።