እውነተኛው ማን ነው?

በወጣቶች ኅብረት ውይይት ላይ ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ፦ «ሄቪ ሜታል መስማት ኃጢአት ነው?» ክርክሩ ብዙውን ጊዜ በጊታሩ ጩኸትና በዘፋኙ ጉሮሮ ላይ ያልቃል። ጩኸት ብቻውን ግን መለኪያ ሊሆን አይችልም። ጃኖ ባንድ የሮክ ጊታርን ከአገራችን ቅኝት ጋር ስላዋሐደ የተጎዳ ሰው የለም። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ አንድ አውስትራሊያዊ ክርስቲያን «ሆርድ» በሚል ስም፣ ብላክ ሜታል በሚባለው እጅግ ሻካራ ስልት፣ ክርስቶስን የሚያከብር አልበም አውጥቷል።

ወደ ጥያቄው ሥር ለመግባት ይህ ስልት በገነነበት አገር፣ በኖርዌይ፣ የሆነውን እንመልከት። ሜይሄም የተባለው ባንድ እ.ኤ.አ. በ1984 ተመሥርቶ ለኖርዌይ ብላክ ሜታል መንገድ ጠራጊ ሆነ። ጊታር ተጫዋቹ ኦይስታይን ኦርሴት በ1991 ኦስሎ ውስጥ የሙዚቃ ሱቅ ከፈተና በቋንቋቸው «ገሃነም» ብሎ ሰየመው። በሱቁ ዙሪያ ጥቂት ወጣቶች ተሰባሰቡ። በመካከላቸው ትልቁ ክብር «እውነተኛ» መባል፣ ትልቁ ውርደት «አስመሳይ» መባል ነበር። አንዱ ከሌላው ላለማነስ ቃሉን ያከር ጀመር፤ ቃል አልበቃ ሲል ሥራ መጣ። በሰኔ 1992 በበርገን ከተማ ከ12ኛው መቶ ዘመን የቆየው የፋንቶፍት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ፤ ሌሎችም ተከተሉ። በነሐሴ 1993 በዚያው ባንድ ቤዝ ጊታር የተጫወተው ቫርግ ቪከርነስ ኦርሴትን ገደለው። ፍርድ ቤት በ1994 ለግድያውና ለአብያተ ክርስቲያናት ቃጠሎ 21 ዓመት ፈረደበት። በዚያው ዓመት በወጣው የባንዱ አልበም የሟቹ ጊታርና የገዳዩ ቤዝ አብረው ይሰማሉ።

እሳቱን የለኮሰው፣ እንደሚመስለኝ፣ «ከእኛ መካከል እውነተኛው ማን ነው?» የሚለው ፉክክር ነው።

ይህንኑ መንገድ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 9 እናገኘዋለን። መጀመሪያ ደቀ መዛሙርት ከመካከላቸው ማን እንደሚበልጥ ተከራከሩ። ቀጥሎ ዮሐንስ ከእነርሱ ጋር የማይሄድን ሰው እንደ ከለከሉ ተናገረ። ብዙም ሳይቆይ ያዕቆብና ዮሐንስ በአንዲት የሳምራውያን መንደር ላይ እሳት እንዲወርድ ፈለጉ። ጌታ ተቆጣቸው፤ መንደሯም ሳትነካ ታለፈች። እሳቱን የፈለጉት ግን ጠላቶቹ ሳይሆኑ የቅርብ ደቀ መዛሙርቱ ነበሩ።

ጎንደርም ለእሳት እንግዳ አይደለችም። በ1859 ዓ.ም. ክርስቲያኑ ንጉሥ ዐፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን ዘርፈው አቃጠሉ። በ1880 ዓ.ም. የድርቡሽ ጦር አብዛኞቹን አብያተ ክርስቲያናት አነደደ፤ ከተረፉት አንዷ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ዛሬም ቆማለች። የሚያቃጥል እጅ ከአንድ ወገን ብቻ አይመጣም።

«ታዲያ ግጥሙ ምንም ቢል ግድ የለም ማለት ነው?» የሚል ይኖራል። ግድ አለው። የኖርዌይ ወጣቶች ከማቃጠላቸው በፊት ጥላቻን ተለማምደውታል። ስለዚህ በጆሮ ማዳመጫችን ስለሚገባው ሁሉ እንጠይቅ፦ ማንን እንድጠላ ያለማምደኛል? ይህንኑ ጥያቄ ለራሳችን ስብከትና ወሬም እናቅርብ።

ተደብቆ የሚሰበሰብ ሁሉ ወደ ክፋት አይሄድም። የሜታል ወጣቶች ካሴት በእጅ ይለዋወጡ ነበር፤ በደርግ ዘመን በየቤቱ ያመልኩ የነበሩ ወገኖቻችንም የመዝሙር ካሴት ይቀባበሉ ነበር። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ስለ እምነቱ 7 ዓመት ታስሯል፤ መዝሙሮቹ እስከ ዛሬ ያጽናናሉ። እነዚያ ወገኖች ወደ ጓዳ የገቡት ስደት አስገድዷቸው ነው። መደበቅን የክብር ምልክት አላደረጉትም፤ በሩ ሲከፈትም ሌላውን ጠርተው አስገቡ።

እኛ በጎንደር ጥቂት ነን። ጥቂት መሆን ያቀራርባል፤ ነገር ግን ማን የበለጠ ጾመ፣ ማን በልሳን ጸለየ፣ ማን ለብ ብሏል ወደሚል ቆጠራም ይስባል። ጥቁር ቲሸርት የለበሰ፣ የጆሮ ማዳመጫ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ወጣት ወደ ኅብረታችን ቢመጣና መጀመሪያ የምንጠይቀው ምን እንደሚሰማ ከሆነ፣ ቆጠራውን ጀምረናል ማለት ነው። አስቀድመን ስሙን እንጠይቀው፤ ወንበርም እንስጠው። ስለ ሙዚቃው ለመነጋገር ጊዜ ይኖረናል።